ነገን ያዩ፣ ተመልካች ያጡ ፊልሞች

ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ተኩስ ነው። አይፈረድብንም። በቪዲዮ ቤት ዘመን የደረሱን እነ «ተርሚኔተር» እና እነ «ፕሬዳተር» ነበሩ፤ ቀጥሎ «ማትሪክስ» መጣ። ጥሩ ፊልሞች ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ስደት የሚያወሩ፣ አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ ያልፈሰሰባቸው ሌሎች የነገ ፊልሞች በነሱ ጥላ ተሸፍነው ቀሩ። እኔ ከልቤ የምወደው እነዚህን ነው። ጉዳያቸውን ከኛ ሰው በላይ የሚረዳ ተመልካችም ያለ አይመስለኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

*

ጆን ሴይልስ በ1984 ያወጣው «ዘ ብራዘር ፍሮም አናዘር ፕላኔት» ባለታሪክ ከሌላ ፕላኔት ያመለጠ ባሪያ ነው። መልኩ ጥቁር አሜሪካዊ ይመስላል፤ የእግሩ ጣቶች ግን ሦስት ናቸው፤ ድምፅም የለውም። ተዋናዩ ጆ ሞርተን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይተነፍስም። መንኮራኩሩ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ይወድቅና ኤሊስ ደሴት ይደርሳል። ባዶውን የስደተኞች መቀበያ ሕንፃ በእጁ ሲነካው፣ ከሱ በፊት በዚያ ያለፉት ሰዎች ድምፅ ከግድግዳው ይሰማዋል። ኋላ ሃርለም ገብቶ አንድ መጠጥ ቤት ይቀመጣል። የመጠጥ ቤቱ ደንበኞች ማንነቱን ሳያውቁ ማደሪያ ይፈልጉለታል፣ ሥራ ያገኙለታል። የተበላሸ ማሽን በእጁ ዳስሶ የሚጠግን ሰው ሥራ አያጣም።

አንዲት ትዕይንት አለች። ባቡር ውስጥ አንድ ወጣት የካርታ ጨዋታ ሲያሳየው ይቆይና፣ አሁን ደግሞ ነጮቹን በሙሉ እሰውርልሃለሁ ይለዋል። 59ኛው ጎዳና ላይ በሩ ይከፈታል፤ ነጮቹ ይወርዳሉ፤ ባቡሩ ወደ ሃርለም ይቀጥላል። ይኸው ነው። የኮምፒውተር ምስል የለ፣ ፍንዳታ የለ፤ ከተማዋ እንዴት እንደተከፈለች ግን በአንድ ፌርማታ አየን። ዋሽንግተን ወይም ሲያትል በገባ ሰሞን ቋንቋው አልፈታ ብሎት ራሱን በመነቅነቅ ብቻ የዋለ ወገን ይህን ፊልም ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

*

ተመልካች ያጣ ፊልም ሁሉ ደካማ አይደለም። «ብሌድ ራነር» እና «ዘ ቲንግ» በአንድ ቀን፣ ጁን 25 ቀን 1982፣ አሜሪካ ውስጥ ለእይታ በቁ። ከሁለት ሳምንት በፊት «ኢ.ቲ.» ወጥቶ ሕዝቡን ሁሉ ወስዶ ነበር። ሁለቱም የታሰበውን ያህል ተመልካች አላገኙም፤ ብዙ ተቺዎችም አብጠለጠሏቸው። ዛሬ የዘርፉ ምሰሶዎች ተብለው ይጠራሉ። አንድ ፊልም በወጣ ሳምንት ስንት ሸጠ የሚለውን ወሬ ከዚያ ወዲህ ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

*

«ሙን» (2009) ጨረቃ ላይ ብቻውን ስለሚሠራ ኮንትራት ሠራተኛ ነው። ሳም ቤል ይባላል፤ ሳም ሮክዌል ተጫውቶታል። ሂሊየም-3 የተባለውን ነዳጅ እያወጣ ወደ ምድር ይልካል። ኮንትራቱ ሦስት ዓመት ነው። ቀጥታ መስመሩ ተበላሽቷል ስለተባለ ሚስቱን የሚያያት በተቀዳ መልእክት ብቻ ነው። ሊጨርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጉዱ ይወጣል፤ ከዚህ በላይ ታሪኩን አላበላሽባችሁም።

አብሮት የሚኖረው ሮቦት ገርቲ ፊት የለውም። በትንሽ ስክሪን ላይ ቢጫ ክብ ፊት ያሳያል፤ ደስ ሲለው ይስቃል፣ ሲያዝን ያለቅሳል። ኩባንያው ያላዘነለትን ሰው ማሽኑ ያዝንለታል። ዳይሬክተሩ ዳንከን ጆንስ ፊልሙን በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የሠራው፤ የጨረቃ ላይ ተሽከርካሪዎቹ በእጅ የተሠሩ ትናንሽ አምሳያዎች ናቸው። ሪያድ ወይም ኩዌት ለኮንትራት ሥራ ሄዳ፣ ስልኳ ተወስዶባት፣ ቀን የምትቆጥር እህት ያለው ሰው ግን አምሳያዎቹን ልብ የሚልበት ፋታ አያገኝም። አንጀት ይበላል።

*

አሌክስ ሪቬራ «ስሊፕ ዲለር»ን ያወጣው በ2008 ነው። ሜሞ የሜክሲኮ የገጠር ልጅ ነው። የመንደራቸው ወንዝ በኩባንያ ግድብ ተይዟል። አባትና ልጅ ውሃ ሊገዙ ወደ ግድቡ ይሄዳሉ፤ ካሜራና ጠመንጃ የተገጠመለት ማሽን ከአጥር ጀርባ ያናግራቸዋል፤ ገንዘብ ሲያቀርቡ ዋጋው መጨመሩን ይነግራቸዋል። አባትየው ይከፍላል። ምን ያድርግ? ውሃው ትናንት የራሱ ነበር።

በኋላ ሜሞ ቲዋና ከተማ ገብቶ ሰውነቱ ላይ ሶኬት ያስበሳል። ድንበሩ በግንብ ስለተዘጋ አሜሪካ መሄድ የለም። ሽቦ ተሰክቶበት፣ እዚያው ሜክሲኮ ቆሞ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ ፎቅ የሚሠራ ሮቦት ያንቀሳቅሳል። ጉልበቱ ድንበር ይሻገራል፤ እሱ አይሻገርም። የሠራውን ፎቅ አንድም ቀን አይረግጠውም።

ይህ ፊልም ሲወጣ ሩቅ ነገር ይመስል ነበር። ዛሬ ናይሮቢ ተቀምጠው የባህር ማዶ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ጽሑፍና ምስል የሚያጣሩ ወጣቶች አሉ፤ አማርኛ የሚያጣሩም ከነሱ መካከል ነበሩ። ሬሳና ስቃይ ሲያዩ ይውላሉ፤ ኩባንያው ያለበትን አገር ግን አያዩም። ከነዚህ ሁሉ ፊልሞች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል «ስሊፕ ዲለር»ን እመርጣለሁ። ምስሉ አንዳንድ ቦታ የድሃ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከ«ማትሪክስ» ይልቃል።

*

ፊልም ለመሥራት ገንዘብ የለንም ለሚሉ ሁለት ምስክር። ሼን ካሩዝ «ፕራይመር» የተባለውን የጊዜ ጉዞ ፊልም በ7,000 ዶላር ሠርቶ በ2004 የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫልን ከፍተኛ የዳኞች ሽልማት ወሰደ። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር ደግሞ በ1962 «ላ ዠቴ»ን የሠራው ከሞላ ጎደል በፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ 28 ደቂቃ ሙሉ አንዲት ምስል ብቻ ትንቀሳቀሳለች፤ የተኛች ሴት ዓይኗን ስትገልጥ።

*

«ጋታካ» (1997) 36 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ የመለሰው 12 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ቪንሰንት ጠፈርተኛ መሆን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ገና ሲወለድ ልቡ ደካማ መሆኑን ደሙ ተናግሮበታል። ስለዚህ የሌላ ሰው ማንነት ይዋሳል። ጠዋት ጠዋት ገላውን ፍቆ የወደቀውን ቆዳና ፀጉር ያቃጥላል፤ ጣቱ ላይ የሰው ደም የቋጠረ ሽፋን ይለጥፋል፤ የሰው ሽንት በከረጢት ይታጠቃል። ሥራ ለመግባት! የመጨረሻውን ምርመራ የሚያደርገውን ሐኪም ፊት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሰው በትውልዱ ሲመዘን ያየ ሁሉ ያችን ደቂቃ አይረሳትም።

*

የኬንያዋ ዋኑሪ ካሂዩ «ፑምዚ» (2009) ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በውሃ ጦርነት ምድር ነድዳ ሰው ዝግ ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ላቡንና ሽንቱን አጣርቶ መልሶ ይጠጣል። አንዲት ሴት እጅ ሕይወት ያለው አፈር ይገባል፤ ዘር ትተክልበትና የራሷን ድርሻ ውሃ ታጠጣዋለች።

«ክራምብስ» (2015) ደግሞ የራሳችን ጉዳይ ነው። ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ መልክዓ ምድሩ ዳሎል። ሥልጣኔ ካለቀ በኋላ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይገመታል፤ ማይክል ጆርዳን ይመለካል፤ ሰማይ ላይ የዛገ መንኮራኩር ተንጠልጥሏል። ዳይሬክት ያደረገው ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። እሱን አመሰግናለሁ፤ ለኛ ግን ይቆጨኛል። በየዓመቱ ይህን ሁሉ የፍቅርና የኮሜዲ ፊልም ስንሠራ፣ ዳሎልን የነገ ምድር አድርጎ ለማየት የውጭ ሰው ዓይን መጠበቅ አልነበረብንም። የውሃ ወረፋውን፣ የኮንትራቱን ሥራ፣ የድንበሩን ግንብ እናውቀዋለን። የሚጎድለን ስለ ነገ አንድ ጥያቄ አንስቶ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ስክሪፕት የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፣ ጻፉት።

ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ በ«ፑምዚ» ጀምሩ፤ የምሳ ሰዓት ይበቃዋል። «ክራምብስ»ን ግን ሰፋ ባለ ስክሪን እዩት፤ ዳሎል በስልክ አይታይም።