የመርፌዋ ዙር

የሰው ልጅ ሙያውን የሚለካበት መሣሪያ ልዩ ልዩ ነው። ሸማኔ የድሩን ጥብቀት በጣቱ ያውቃል፤ ጠላ ጠማቂ የጌሾዋን ልክ በምላሷ ትለያለች፤ ክራር ደርዳሪ ደግሞ ጅማቱን የሚቃኘው በጆሮው ነው። በጆሮ ከሚቃኙት ነገሮች መካከል ሞተርም አንዱ እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በትልልቆቹ መኪናዎች ዘንድ ነዳጁ በዛ ወይም አነሰ ብሎ የሚፈርደው ኮምፒዩተር ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏልና። ይሁን እንጂ ከዴንቨር ከተማ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በኦሮራ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ በየቅዳሜው ጧት ሞተር በጆሮ ሲቃኝ ይሰማል።

በጠረጴዛው ላይ የምትቀመጠው መኪና ርዝመቷ አንድ ክንድ ያህል ነው። የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ ተደርጋ የተሠራች፣ በሬዲዮ ከሩቅ የምትመራ፣ በአቧራና በጉብታ ላይ የምትሮጥ ናት። ክብደቷ ከሦስት ኪሎ ጥቂት ከፍ ይላል። የሞተሯ ይዘት ሦስት ተኩል ሲሲ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ሞተር ግን በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ በአንድ ጊዜም አራቱንም ጎማዎች ይነዳል።

አባትየው ወጣትነቱን ያሳለፈው በአዲስ አበባ፣ በሶማሌ ተራ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ነው። የቮልስዋገንና የፊያት ካርቡራቶር እየፈታ፣ እያጠበ፣ መልሶ እየገጠመ፣ በመጨረሻም ካቻቢቴውን ይዞ ጎንበስ ብሎ እያዳመጠ እንጀራውን በልቷል። ደንበኞቹ ከእጁ ይልቅ ጆሮውን ያደንቁ ነበር። አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ያ ጆሮ ፈላጊ አጣ። መኪናዎቹ ሁሉ ሽቦ ተሰክቶላቸው በመስተዋት ላይ ቁጥር የሚያሳዩ ሆኑበት። እርሱም ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ እያመላለሰ ልጆቹን አሳደገ፤ ስለ ቀድሞ ሙያውም እምብዛም አያወራም ነበር።

ታናሽ ሴት ልጁ በ16 ዓመቷ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከፍላ ያገለገለች ትንሽ መኪና ይዛ መጣች። መኪናዋ አልነሣም አለች። አባትየው አጠገቧ ቆሞ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ «ካንዴላው ተቃጥሏል» አላት። ልጅቱ ቃሉን አታውቀውም። ቆይቶ ስለ ሚኒሞው፣ ስለ ማርሚታው፣ ስለ ፍሪሲዮኑ ሲነግራት የተማረችው የእናት አባቷን ቋንቋ ብቻ መስሏት ነበር። ቃላቱ ግን ከኢጣልያንኛ ወደ አዲስ አበባ ጋራዦች የገቡ ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሞተሮችን በመሥራት ስም ካላቸው አገሮች አንዷም ኢጣልያ ናት። በሶማሌ ተራ የተማራቸው ስሞች ከሞተሩ የትውልድ ስሞች ጋር ባሕር ማዶ እንደገና ተገናኙ።

የዚህ ሞተር ካንዴላ እንደ ትልቁ መኪና ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም። በውስጡ ከፕላቲነም የተሠራች ቀጭን ጥምጥም ሽቦ አለችው። ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ በአንድ ተኩል ቮልት ባትሪ ትግላለች፤ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ይወገዳል። ከዚያ ወዲያ ሽቦዋን አግሎ የሚያቆያት የመታመቁና የቃጠሎው ሙቀት፣ እንዲሁም የሜታኖል ትነት ፕላቲነሙን ሲነካ የሚፈጠረው ኬሚካዊ ለውጥ ነው። አሜሪካዊው ሬይ አርደን ይህን ዓይነቱን ካንዴላ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ትንንሽ ሞተሮች የብልጭታ መስጫ ጥቅልና ባትሪ ተሸክሞ ከመሄድ ዐርፈዋል።

ነዳጁም ቤንዚን አይደለም። አብዛኛው እጅ ሜታኖል ሲሆን፣ ኦክስጅኑን በራሱ ውስጥ ይዞ የሚመጣ ናይትሮሜቴን የሚባል ፈሳሽ ለጉልበት ይጨመርበታል። በአሜሪካ ከ20 እስከ 30 በመቶ ናይትሮሜቴን ያለበት ነዳጅ የተለመደ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ለፈንጂ መሥሪያ እንዳይውል በመስጋት ከ2021 ጀምሮ ከ16 በመቶ በላይ የሆነው ለተራው ሰው እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ዘይቱ ነው። ሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ የለውም፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ስለዚህ የካርቡራቶሩን መርፌ ወደ ቀኝ አዙሮ ነዳጁን የሚቀንስ ሰው ዘይቱንም ይቀንሳል፤ ከነዳጁ ጋር የሚመጣውንም ቅዝቃዜ ይቀንሳል።

የሙያው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ቅልቅሉ ሲወፍር ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ጭሱ ይበዛል፤ መኪናዋ ከመታጠፊያ ስትወጣ ትደክማለች። ቅልቅሉ እየሳሳ በሄደ መጠን ግን ድምፁ እየጠራ፣ ጉልበቱም እየጨመረ ይሄዳል። ማወቅ የሚገባው እጅግ የሚያምረው ድምፅ ከመቃጠሉ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ የሚሰማው መሆኑን ነው። አዋቂ ሰው ያን ድምፅ ካገኘ በኋላ መርፌዪቱን ጥቂት ወደ ግራ ይመልሳታል። በመኪናዋ ኋላ የምትታይ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ዘይት ወደ ውስጥ መግባቱን ትመሰክራለችና፣ እርሷ እስካለች ድረስ ሞተሩ በሕይወት አለ።

አባትየው ይህን ሁሉ ለልጁ በየተራው አስተማራት። አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር የገባለትን ሞተር በመጀመሪያዎቹ ጋኖች በወፍራም ቅልቅል፣ እያሞቁና እያቀዘቀዙ ማለማመድ እንደሚገባ ነገራት። ሲሊንደሩ በክሮም የተለበጠ ነሐስ ሆኖ ከላይ ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይነክሳል፤ ሁለቱ በልካቸው የሚገጥሙት ሲግሉ ነው። ስለዚህ ሳይሞቅ አይነሣም፤ ከጠፋም በኋላ ፒስተኑ በጠባቡ ስፍራ ሳለ እንዳይቀዘቅዝ በእጅ ወደ ታች ይወርዳል። የነዳጁን ቱቦ በሚኒሞ ላይ ሳለ ቆንጠጥ አድርጎ መፈተንንም አሳያት፦ ሞተሩ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ በመጠኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጠፋ ልኩ ነው፤ ወዲያው ጮኾ ቢጠፋ ሳስቷል፤ ብዙ ቆይቶ ቢጠፋ ወፍሯል።

ቅኝቱ በሞተሩ ብቻ አያበቃም። መኪናዋ ሦስት ዲፈረንሻሎች አሏት፤ የፊት፣ የመካከልና የኋላ። በውስጣቸው ውፍረቱ የተመረጠ የሲሊኮን ዘይት ይሞላል። የመካከለኛው ዘይት ከሳሳ ነዳጅ ሲሰጣት የፊት ጎማዎቿ በከንቱ ይሽከረከራሉ፤ ከወፈረ ኃይሉ ለፊትና ለኋላ ይካፈላል፤ ነገር ግን በጉብታ ላይ ለመያዝ ታስቸግራለች። በሞላው ውስጥ ያለው ማለዘቢያ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ እንደ መሬቱና እንደ ቀኑ ሙቀት ይለወጣል።

ስለ ከፍታ ግን ልጅቱን ማንም መጽሐፍ እንደ አባቷ ሊያስረዳት ባልቻለ ነበር። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። አየሩ ካነሰ ነዳጁም ማነስ አለበት። አባትየው ይህን የተማረው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ነው። በዚያ የተቃኘ ካርቡራቶር ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ አየሩ እየከበደ፣ ቅልቅሉ እየሳሳ ይሄዳል። ሹፌሮች መኪናቸው በጉዞ ላይ ጋለብን ብለው ሲመለሱ ምክንያቱን የሚያውቀው እርሱ ነበር።

በሐምሌ አንድ እሑድ ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ቀረበች። ጧት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ወደ እኩለ ቀን ሙቀቱ አየለ። አየር ሲሞቅ ስለሚሳሳ አባትየው መርፌዪቱን ወደ ቀኝ ቢያዞር አላጠፋም። የባለሙያዎቹ ልማድ የመርፌዪቱን ጭንቅላት እንደ ሰዓት ፊት በ12 ከፍሎ አንዱን ክፍል «አንድ ሰዓት» ማለት ነው። እርሱም አንድ ሰዓት አዞረ፤ አዳመጠ፤ አሁንም ሌላ አንድ ሰዓት ጨመረ። ልጅቱ ሙቀት መለኪያዋን በሞተሩ ራስ ላይ አነጣጥራ፣

«አባዬ፣ 135 ዲግሪ ይላል» አለችው።

«ተዪው እማዬ፤ ከመሣሪያው በፊት ጆሮ ያውቀዋል። ይልቅ እንዴት እንደሚዘምር ስሚው!»

መኪናዋ እንደ ጥይት ተወነጨፈች። በኋላዋ ጭስ አልነበረም። በስድስተኛው ዙር ረጅሙን መንገድ ስትይዝ ድምፁ ከፍ ብሎ ቀጥኖ ድንገት ተቋረጠ። ማታ ሞተሩ ሲፈታ ፒስተኑ ጎኑ ተፍቆ፣ ከፒስተኑ ጋር የምትያያዘው ዘንግ ተሰብራ ተገኘች። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም፤ ስብርባሪውን ለቅማ በቡና ሲኒ ውስጥ አስቀመጠችው። ለአባትየው ከወቀሳ ሁሉ የከበደው ያ ዝምታ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለብቻው ወደ ጆሮ ሐኪም ሄደ። በዝግ ክፍል ተቀምጦ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ታዘዘ። ወፍራሞቹን ሰማ፤ መካከለኞቹን ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ዝም ያለ መሰለው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያሳየው መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ እንደ ገደል ይወርድ ነበር። በመዶሻና በሞተር ጩኸት መካከል ያሳለፋቸው ዓመታት ቀጫጭኖቹን ድምፆች አንድ በአንድ ወስደዋቸው ኖሯል። ሞተር ሊቃጠል ሲል የሚያሰማው ድምፅ ደግሞ ከእነዚያው ወገን ነው።

ሙያው በጆሮው ላይ የቆመ ሰው ጆሮው እንደ ከዳው ለልጁ መንገር ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ሰበብ ይፈልጋል፤ ነዳጁን፣ አየሩን፣ ያገለገለውን ዕቃ ይከሳል። እርሱም ለጥቂት ቀናት እንዲሁ አደረገ። በመጨረሻ አዲሱ ፒስተን ደርሶ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠበት ቅዳሜ ካቻቢቴውን አነሣና በልጅቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ያን ዕለት አልሰማሁትም» አላት። «የሰማሁ የመሰለኝ የዱሮውን ነበር።»

ልጅቱ ካቻቢቴውን ጥቂት ተመለከተችው። «እንግዲያው እኔ እሰማልሃለሁ» አለችው፤ «አንተ የሰማሁት ምን እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

ሥራው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘገየ፤ ነገር ግን ተሻለ። ቀድሞ አባትየው በአንድ ጊዜ ሰምቶ በአንድ ጊዜ ያዞር ስለነበር የሚያውቀውን በቃል መናገር አላስፈለገውም ነበር። አሁን ግን ሠላሳ ዓመት በእጁ ውስጥ የኖረውን ዕውቀት ቃል ሊያለብሰው ግድ ሆነበት። «ሲጎርፍ ውሃ የገባው ቱቦ ይመስላል፤ ሲሳሳ ከልክ በላይ እንደ ተወጠረ የክራር ጅማት ይሆናል» ይላታል። እርሷም የሰማችውን በራሷ ቃል ትመልስለታለች። እርሱ በበኩሉ ጆሮ የማይጠይቁትን ምልክቶች ያዘ፦ ጭሱን በዓይኑ ይከተላል፤ ሞተሩ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጎ ጥቂት ሰኮንዶች ቆይታ እንደ ተነነች፣ ወይም ወዲያው ጭስስ ብላ እንደ ጠፋች ያያል፤ የወጣውን ካንዴላ ሽቦ በማጉያ መነጽር ይመረምራል። ያን ዕለት የናቀውን የሙቀት መለኪያም አሁን አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱ ነው።

በመስከረም በተደረገው ውድድር የመጨረሻው ዙር 20 ደቂቃ ነበር። የነዳጁ ጋን 125 ሲሲ ብቻ ስለሚይዝ መኪናዋ በመካከል ሁለት ጊዜ ገብታ መቀዳት ነበረባት፤ የሚቀዳውም አባትየው ነው። መኪናዋ አጠገቡ ስትቆም ክዳኑን ከፍቶ፣ ነዳጁን ጨምቆ፣ ዘግቶ ይለቃታል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ዓይኑ ከኋላዋ ያለውን ጭስ ይከተላል። ከእርሷ የፈጠኑ ሦስት መኪናዎች ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ሳይጨርስ ቆመ። ልጅቱ ሦስተኛ ወጣች።

ከውድድሩ በኋላ ልጅቱ ሞተሩ ሳይቀዝቅዝ ፒስተኑን ወደ ታች አወረደችውና ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች። የአየሩን ሙቀት፣ የሞተሩን ሙቀት፣ መርፌዪቱ ከዝግ ስንት ዙር እንደ ተከፈተች በእንግሊዝኛ ጻፈች። ከዚያም ደብተሩን ለአባቷ አቀበለችው፤ በየገጹ ግርጌ አንድ መስመር ለእርሱ የተተወ ነበርና። እርሱም መነጽሩን አድርጎ በአማርኛ «ጭስ አለ» ብሎ ጻፈበት።