ዓይን ጣል አድርጊባቸው

በሰባዎቹ መጨረሻ እናቴ አራት ኪሎ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት 2፡30 ላይ መፈረም አለባት። ከቀበናው ቤታችን ስትወጣ ለእኛ የምታደርገው ዝግጅት ግን አንድ ብቻ ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት አንገቷን አስግጋ «ዓይን ጣል አድርጊባቸው» ትላለች። «ሂጂ፣ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ» የሚል ድምፅ ከጭስ ቤት ይመለሳል። በቃ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ሊያበላን፣ ሊልከን፣ ሊቆጣን፣ ሲያሻውም በአርጩሜ ሊሸነቁጠን ሥልጣን ነበረው። ማታ ስትመለስ የጥፋታችን ዝርዝር ከእኛ ቀድሞ ደጅ ላይ ይቀበላታል።

እኔ ዛሬ የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ነው። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። ልጆቼ 12፡30 ላይ ሰርቪስ ውስጥ መግባት አለባቸው። ከዚያ በፊት ሁለት ምሳ ዕቃ፣ ሁለት የውሃ ኮዳ፣ የሚፈረም የመልእክት ደብተር አለ። የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነገ ካርቶንና ሙጫ እንደሚያስፈልግ ያሳውቃል፤ ሱቅ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶች በረንዳቸው ላይ ያቆሙት ሮቶ ስንት ሊትር እንደሚይዝ አውቃለሁ። የልጃቸውን ስም አላውቅም።

እኛ የተማርነው በፈረቃ ነው፤ አንዱን ሳምንት ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት። የቀረውን ግማሽ ቀን ማን ጋ እንደምንውል ያቀደልን ሰው የለም። ሰኞ ማክሰኞ አለ፣ ብይ አለ፣ ሱዚ አለ። የዕጣን ሽታ ተከትሎ ቡና የሚፈላበት ቤት ደጃፍ ላይ ብቅ ያለ ልጅ አንድ ጭብጥ ቆሎ ሳይዝ አይመለስም። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈሩ አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው። የአባባ ተስፋዬ ሰዓት ሲደርስ ጫማችንን በር ላይ ከምረን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። ጣቢያው በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንስቶ ለአራት አሥርት ዓመታት የአገሩን ልጅ ተረት የነገሩት እኚያ ሰው ሰላም ሲሉን፣ ከሳጥኑ ውስጥ የሚያዩን መስሎን እጅ እየነሳን እንመልስላቸው ነበር። እናቴም 6፡30 ላይ ከቢሮ ወጥታ በእግሯ መጥታ ምሳዋን ከእኛ ጋር ትበላለች፤ 7፡30 ላይ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ናት። ዛሬ በዚያ ሰዓት እኔ ከጠዋት ጀምሮ የቀዘቀዘውን ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ፣ ሰርቪሱ በሰላም ደርሶ እንደሆነ ስልኬን አያለሁ።

ይህን ሁሉ በናፍቆት ስናወራ ዘለናት የምናልፋት አንዲት ልጅ ግን አለች። ከገጠር የመጣች የሩቅ ዘመድ፣ ራሷም ልጅ። ታናሽ ወንድሜን ታዝላው ትውላለች፤ እናቴ ለምሳ ስትደርስ የሚጠብቃት ትኩስ ወጥ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ማታ ትምህርት ትሮጣለች፤ እዚያም እንቅልፍ ይጥላታል። የድሮው ቤት እርጋታ ግማሹ እሷ ጀርባ ላይ የታዘለ ነበር። በዚያን ጊዜ «ማን ያግዛታል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።

ዛሬ እህቶቿ ቤሩትና ጂዳ ሄደው የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። እዚህ የቀረችው በደላላ ትመጣለች፤ በደመወዝ ትከራከራለች፣ እሑድ እረፍት ትላለች፣ ስልኳን አትሰጥም። «ሠራተኛ ጠፋ» የማይል ጓደኛ የለኝም። እኔ ልክ ናት ባይ ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ እስክትወጣብኝ ድረስ።

ስለ ጤናችንም ቢሆን ትዝታው አያስጎመጅም። ምች ሲመታን ዳማከሴ ታሽቶ፣ ከቡና ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠናል፤ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፣ ደስም ይለኛል። ነገር ግን የስንቱ አብሮ አደጌ እንጥል በምላጭ ተቆርጧል፤ ያውም በወላጆቹ ፍቅር። እኔ ደግሞ የልጄ ትኩሳት 38 ሲሞላ ገና ሐኪም ሳያየው ስልኬ ላይ የደርዘን በሽታ ምልክት አንብቤ እጨርሳለሁ። ሳይነጋ አምስቱ የቴሌግራም እናቶች አምስት መድኃኒት ያዙልኛል። ልጁ ተኝቶ ያድራል፣ እኔ አልተኛም። እናቴ ግን በሥራ ቀን ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ አይቼ አላውቅም።

ወደ አባቶች ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አባቴ ይወደን ነበር ብዬ አምናለሁ። የውጭው በር ሲንቋረር ግን ጨዋታው ሁሉ ይቆማል፤ ጋዜጣው ይዘረጋል፣ ውሃ ይቀርባል፣ እግር ይታጠባል። ምን እንደምንወድ፣ ማንን እንደምንፈራ የሚያውቅ አይመስለኝም። ባለቤቴ ግን የልጃችንን ፀጉር አጥቦ ያበጥራል፤ ሹሩባ አይችልም። የሂሳብ የቤት ሥራ ላይ እኔን ያስንቃል። ማታ ትንሹ ልጅ ከቅዠቱ ሲነቃ የሚጣራው አባቱን ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ተኛሁበት።

ሕጉም በበኩሉ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። በ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኋለኛውን ወደ 90 አሳደገው፤ ለአባትም ደመወዝ የሚከፈልበት 3 ቀን ጨመረ። ትንሹን ስወልድ ባለቤቴ እነዚያን ቀናት ወስዶ ቤት ዋለ። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ጓዳ ውስጥ ስታገኘው በጣም ገረማት።

«መንግሥት ለወንድ ሦስት ቀን የሚሰጠው ምን ሊሠራ ነው? ገንፎ ሊበላ?»

«እማዬ፣ ጠዋት የበላሽውን ገንፎ እኮ ያገነፋው እሱ ነው።»

«እኔም ምነው ጓጎለ ብያለሁ» አለችኝ።