የጠመንጃ አደራ

ወታደር ከጠመንጃው መለየት የለበትም ተብለን ተምረናል፤ አስተምረናልም። ይህን ትምህርት ቆም ብለን እንድንመረምር ያደረገችን ግን የአንድ ጓዳችን ባለቤት ናት።

አንድ ምሽት ሕፃን አዝላ ወደ ቢሯችን መጣች። «መቶ አለቃ፣ እንቅልፍ ካጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጠመንጃውን ታቅፎ ያነጋል። ‹እኔ ባልኖር ትገላገሉ ነበር› ይለኛል። ብቻ እኔ እንደ ነገርኩዎ አይወቅ፤ እንጀራችን እንዳይቋረጥ» አለችን።

በዚያው ሌሊት ማስታወቅ ይገባን ነበር። እኛ ግን ሁለት ቀን ዝም አልን። «የአእምሮ ሕመምተኛ» የሚል ቃል አንዴ በግል ማኅደሩ ከሰፈረ ማዕረጉ ይቀራል ብለን ሠጋን። ያን ጊዜ ርኅራኄ መስሎን ነበር፤ ዛሬ ስናስበው ፍርሃት ነበር። በሦስተኛው ቀን ለአዛዣችን አስታወቅን። ጠመንጃው ግምጃ ቤት ገባ፤ ጓዳችንም ወደ ሐኪም ተላከ። መሣሪያውን ሲያስረክብ ቀና ብሎ አላየንም።

በዚህ ረገድ ከሌላ ሠራዊት የምንማረው አለ። የእስራኤል መከላከያ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2006 ወታደሮቹ ለሳምንቱ ማብቂያ ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን በክፍላቸው ትተው እንዲሄዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የቀነሰውም በይበልጥ በዕረፍቱ ቀናት ይደርስ የነበረው ነው፤ በሥራ ቀናት ጉልህ ለውጥ አልታየም። ሐዘኑ ከሰዎቹ ልብ አልጠፋም፤ ጠመንጃው ግን በክፉዋ ሰዓት ከእጃቸው ራቀ። ያች ሰዓት ብዙ ጊዜ መጥታ ታልፋለች፤ የተተኮሰ ጥይት ግን አይመለስም።

እንግዲህ አዛዦች ሆይ፣ ሪፖርት ክስ አይሁን። መሣሪያው በቅጣት ሳይሆን በአደራ እንደሚቀመጥ፣ ሐኪም ሲፈቅድም እንደሚመለስ አስቀድመን ካልተናገርን ሕመምተኛው ሕመሙን ይደብቃል። እናንተም የጓዶቻችን ባለቤቶችና እናቶች፣ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ነገር ግን ተስፋ የቆረጠ ቃልና ጠመንጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሩ፤ ንገሩን።

ጓዳችን ከወራት ሕክምና በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጠመንጃውን ሲረከብ ቁጥሩን አነበበና፣ «ወልውላችሁ አኑራችሁልኛል» አለን። ያን ምሽት ወደ እኛ መምጣቷን ባለቤቱ ራሷ ነግራዋለች። ይህን እንድንጽፍ የፈቀዱልንም ሁለቱ ናቸው።