የውሻ ጉርሻ

ስለ ፈተና፣ ስለ ፍቅርና ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ በዚህ መጽሔት ብዙ ተጽፏል። ስለ ውሻ የጻፈ ግን እስካሁን አላየንም። እንግዲህ አንባቢ ይፍቀድልንና እኛ ዛሬ ስለ አንድ ውሻ፣ ይልቁንም ይህ ውሻ ከዋናው ቀለቡ ውጭ ስለሚጎርሰው ነገር ጥቂት እናወራለን። ጉዳዩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም እስካለፈው ጥር ድረስ እንደዚያው ነበርን።

እኛ የምንባለው በአንድ ክፍል የምናድር አራት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ውሻው ምናለበት ይባላል። ካቻምና በክረምት መግቢያ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ገና ዓይኑን የገለጠ ቡችላ ሆኖ አገኘነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የበሩ ዘበኛ መጀመሪያ «በሉ አውጡልኝ!» ብለው ተቆጡ፤ ማታ ዝናቡ ሲበረታ ግን በጣሳ ወተት ይዘው መጡና «ለዛሬ ቢያድር ምናለበት» አሉ። ስሙ በዚያው ጸና።

ከዚያ ወዲህ ውሻውን የሚያጎርስ ሁሉ ስሙን እየጠራ ነው። አንዱ የዳቦ ቁራሽ፣ ሌላው የወጥ ፍርፋሪ፣ ሌላዋ ከቤቷ ያመጣችውን የብስኩት ስባሪ ትወረውርና «ምናለበት!» ትላለች፤ ጥሪ ይሁን ማመካኛ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። አገራችን ደግሞ በጉርሻ ነገር አትታማም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ያጎረሰ ሰው ሁለተኛውን ሳይጨምር አይሄድም። ውሻም በበኩሉ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ፊቱን አያዞርም።

የገና ማግስት ቤተሰቦቻቸው በከተማው የሚኖሩ ልጆች ዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ ይዘው ተመለሱ። እኛ የክፍለ ሀገር ልጆች ጠገብን፤ ምናለበትም ጠገበ። በመረቅ የራሰ እንጀራ፣ ከሳህን የተጠረገ ቁሌት፣ ቆዳ፣ ጅማት፤ ያልቀመሰው አልነበረም። አጥንቱን ብቻ ከለከልነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት እንደሚወጋ ሰምተን ስለነበር በዚህ ረገድ ዐዋቂዎች የሆንን መስሎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውሻው ከተኛበት አልነሣም አለ። ስንጠራው ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ ያደርግና ይተወዋል። ከንፈሩን ገለጥ ስናደርገው ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቷል፤ ሽንቱም የቡና አተላ መስሏል። በጋቢ ጠቅልለን ወጣን። ሦስት ባለታክሲዎች እንቢ አሉን፤ አራተኛው ጋቢው እንዳይገለጥ አስምሎንና እጥፍ አስከፍሎን ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ አደረሰን።

«ምን በላ?» አሉ ሐኪሙ።

«ዶሮ ወጥ ነው ዶክተር» አልን። ድምፃችን ኩራት ሳይኖርበት አልቀረም።

«የምጠይቃችሁ ስለ ዶሮው አይደለም። ስንት ሽንኩርት በላ?»

መልስ አልነበረንም። በወጥ ውስጥ ሽንኩርት ይቆጠራል እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ድኝ ያለባቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። ሰው ይችላቸዋል። በውሻ ሆድ ውስጥ ግን ሲፈጩ ወደ ደሙ ይገቡና ቀዩን የደም ሕዋስ ይጎዱታል፤ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይበላሻል፣ ሕዋሱም ይፈርሳል። ጉዳቱ ጥቂት ቀን ቆይቶ ስለሚታይ ሰው በሽታውን ከበዓሉ ሳህን ጋር አያገናኘውም። መቀቀልም ሆነ ማቁላላት መርዙን አያጠፋውም። የሚበላው ሽንኩርት ከውሻው ክብደት ከመቶ ግማሽ እጅ ሲያልፍ ደሙ ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሙ ነገሩን። ምናለበት 18 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ከመቶ ግማሽ እጅ 90 ግራም፣ ማለት አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። እናቶቻችን ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ያቁላላሉ። ከመካከላችን ጂኦግራፊ የሚያጠናው ልጅ ከሐኪሙ በር ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይህን ሒሳብ በደብተሩ ጀርባ ሠራው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተናገረ የለም።

ያጎረስነው ሰባት ሰዎች ነበርን። እያንዳንዱ የሰጠው ትንሽ ነበር፤ እያንዳንዱም እርሱ ብቻ የሰጠ መስሎት ነበር።

ውሻው ተረፈ። በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው፤ «አዲስ ደም እስኪተካ ታገሡ» ተባልን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደ ቀድሞው ድመት ማባረር ጀመረ። ለፎቶ ኮፒ ያስቀመጥነው ገንዘብ ግን በዚያው ቀረ። የሴሚስተሩን ማስታወሻ የተማርነው ከሌሎች ልጆች ለምነን ነው።

በዚህ መካከል አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጎረቤታችን ሊገሥጸን መጣ። «በዚህ አገር የሚበላው ያጣ ሰው እያለ ለውሻ ጉርሻ መምረጥ ቅንጦት አይደለምን?» አለን። ጥያቄው ቀልድ ስላልሆነ በቀልድ አልመለስንለትም። እኛ ያልነው፣ ውሻውን ያሳመመው ድህነት ሳይሆን የትርፍ ምግብ ብዛት ነው፤ የሚበጀው ጉርሻም ከሚጎዳው ይልቅ ርካሽ ሆኖ ተገኝቷል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ኋላ እንደምንናገረው፣ ውሻ የሚጎርሰው ነገር ዞሮ ወደ ሰው ይመጣል። ልጁ አልተረታም፤ ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ የሽሮውን ጥራጊ ለምናለበት መወርወር ትቷል።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የምታጠና የአንዳችን እኅት ናት በስልክ መንገድ ያሳየችን። የመጀመሪያ ቃሏ ስለ ዓይነቱ ሳይሆን ስለ መጠኑ ነበር። ጉርሻ ሁሉ ተደምሮ ውሻው በቀን ከሚያስፈልገው ምግብ ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም አለችን። «እናንተ የምትቆርጡትን በአራት ክፈሉት፤ ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደተሰጠው እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አይደለም።» ከዚያ ቀጥላ የሚከለከለውን ነገረችን፤ ቸኮላታ፣ ዘቢብና ወይን፣ ዛይሊቶል ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ፣ በርበሬና ጨው የበዛበት ነገር ሁሉ። ውጭ አገር ያለ አጎቱ ቸኮላታ የሚልክለት ጓደኛችን በዚህ አላዘነም፤ ለሰው እንኳ ሲያካፍል አይተነው አናውቅም።

ስለ እንጀራ ጠየቅናት። ውሻ ከተኩላ የወጣ ሥጋ በል ነው ሲባል ሰምተን ስለነበር ክልክል ነው የምትለን መስሎን ነበር። እርሷ ግን ሳቀች። ከስዊድን አገር ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ውሻ ከተኩላ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ የእህልን ስታርች የሚፈጭበትን ዘረ መል አብዝቶ መያዙ መሆኑን አሳይተዋል። ከሰው ጋር ሲኖር የሰውን እህል መብላት ተማረ ማለት ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ያለው ከእንጀራው ላይ ሳይሆን ከላዩ ከሚፈስበት ወጥ ነው። ጾምም ቢሆን ፍስክ፣ ሽሮም ቢሆን ምስር፣ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ በምግብ ቤታችን አልገጠመንም።

ከዚህ በኋላ መፍትሔው ከአፍንጫችን ሥር ሆኖ አገኘነው፤ ድርቆሽ ነው። የምግብ ቤቱን እትዬ ለምነን ወጥ ያልነካው ትርፍ እንጀራ ወሰድን፤ የጥፍር ያህል እየቆረስን በሰፌድ ላይ ከፀሐይ አሰጣነው። በሁለት ቀን እንደ ብስኩት ተሰባሪ ሆነ። በኪስ ይያዛል፣ አይሸትም፣ አይቀባም፣ ዋጋውም ምስጋና ብቻ ነው። ምናለበት መጀመሪያ አሽትቶ «ይህ ነው እንዴ?» በሚል ዓይን አየን፤ በሦስተኛው ቀን ግን ኪሳችን ሲንኮሻኮሽ ጆሮውን ማቆም ጀመረ። ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊ፣ ውሾች ምግቡ ሳይመጣ የአምጪውን ኮቴ ሰምተው ምራቃቸው እንደሚወርድ ታዝቦ ነበር። እኛ ይህን በሥነ ልቦና ኮርስ አንብበን ፈተናውን አልፈን ነበር። የገባን ግን ከሰፌዱ አጠገብ ነው።

ድርቆሽ ለዘወትር ይበቃል። ለከባድ ጉዳይ ግን ሥጋ ነክ ነገር ያስፈልጋል፤ ከባድ ጉዳይም መጣብን። በየካቲት መጀመሪያ ክትባትና የአንገት ማሠሪያ የሌለው ውሻ ሁሉ እስከ መጋቢት አጋማሽ ከግቢው እንደሚወገድ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ይወገዳል» የሚለውን ቃል ለመተርጎም የአማርኛ ክፍል ተማሪ መሆን አያሻም። ምናለበት ግን አንገቱን የሚነካውን ሰው ሁሉ የሚሸሽ ውሻ ነው።

ወደ ሥጋ ቤት ሄድን። ባለ ሥጋ ቤቱ ቸር ሰው ናቸው፤ «ለውሻ ከሆነማ በነጻ» ብለው ጥሬ ሳንባና የጉበት ቁራጭ በላስቲክ አደረጉልን። በጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታይ ነበር። ፎቶግራፉን ለቢሾፍቱዋ እኅታችን ላክንላት፤ ወዲያው ደወለች፤ ድምፅዋም እንደ ወትሮው አልነበረም።

ያ ከረጢት የአንድ ትል ልጅ የሚያድግበት ቤት ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ውሻውም አንዳች በሽታ ሳይታይበት ይኖራል። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከሚዳስሰው ሰው እጅ ወደ አፍ ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ ብሎ ያብጣል፤ አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። በየበዓሉ በየግቢው ከብትና በግ ሲታረድ የተበላሸውን ጉበት ለሰው አይሆንም ብለን ለውሻ የምንወረውር ሰዎች፣ በሽታውን ወደ ቤታችን የምንመልሰው በገዛ እጃችን ነው። አባቶቻችን ሲያደርጉት አይተናል፤ እኛም በልጅነታችን አድርገነዋል።

ጉበቱን ከእሳት ጣልነው። ከረጢት የሌለበትን ሳንባ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀቀልነው፤ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት። ከዚያ በዛር ጠጠር መጠን ከትፈን በብረት ምጣድ አደረቅነው። በመኝታ ቤት ምድጃ መለኮስ ክልክል መሆኑን እናውቃለን፤ ይህን አንቀጽ ለዲኑ ጽሕፈት ቤት የሚያነብ እንዳይኖር አደራ እንላለን።

ሦስት ሳምንት አስተማርነው። ማሠሪያውን እናሳየዋለን፣ አንድ ቁራጭ፤ ጆሮው አጠገብ እናደርሰዋለን፣ አንድ ቁራጭ። የመጀመሪያው ሳምንት ከንቱ ሄደ። ቁራጩን ከኪሳችን እስክናወጣ ውሻው ተቀምጦ ማከክ ይጀምራል፤ በዚያው ቅጽበት እናጎርሰዋለን፤ እርሱም ሽልማቱ የማከክ ሆኖ ታየው። ማሠሪያውን ባየ ቁጥር ተቀምጦ የሚያክ ውሻ አፈራን። በኋላ ቁራጩን አስቀድመን በመዳፋችን ይዘን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መስጠት ስንጀምር ነገሩ ተቃና። በመጋቢት 8 ቀን ምናለበት ማሠሪያውን አጥልቆ ከክትባቱ ሰልፍ ገባ። መርፌው ሲወጋው አፉ ሳንባ እያኘከ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያቺ የክትባት ወረቀት ከዲግሪያችን ቀድማ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።

አሁን ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በየክፍሉ ዞረን ተናግረናል፤ የምሳ ዕቃ ይዘው የሚመለሱትንም አስጠንቅቀናል። የሚያሠጋን ጋሼ ብቻ ነበሩ። ትናንት አንድ ጣሳ ድርቆሽ ወስደን ሰጠናቸው።

«ለዓመት በዓል እንኳ ይኸን ደረቅ ነገር ነው የማጎርሰው ልጆቼ?»

«አዎን ጋሼ። ከፈለጉ ሳንባውን እንጨምርልዎታለን።»

አንዱን አንሥተው አፋቸው ውስጥ ጣሉና ቆረጣጠሙት። «ጨው እንኳ የለበት» አሉ። ከዚያም ሁለቱን ለምናለበት ሰጡት፤ የቀረውን በካፖርታቸው ኪስ ገለበጡና ጣሳውን መለሱልን።