ዝናቡ ሳያባራ ውጡና እዩ

ምናልባት በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ግድግዳ ይኖር ይሆናል። ክረምት ሲገባ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይጠቁራል፤ በመስከረም ቀለም ይቀባል፤ በሐምሌ ተመልሶ ይጠቁራል። በእኛ ቤት ያ ግድግዳ የእናቴ አልጋ ራስጌ ነበረ።

ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የቆየ ጭቃ ቤት ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አባቴ ቀለም ይገዛል፤ እኔ እቀባለሁ። የወጣቶች ኅብረት የጸሎት ተራ ቤታችን ሲደርስ ደግሞ እድፉ ላይ መጋረጃ እሰቅል ነበር። እናቴ ሌሊት ሌሊት ትስላለች። ለሳሏ ማታ ማታ እንጸልያለን፤ ራስጌዋ ላይ ያለው ሻጋታ ከየት እንደመጣ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ግድግዳውን በሲሚንቶ ደግመን ለመለሰን አስበን፣ በሰፈራችን ያሉትን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ስንት ከረጢት እንደሚበቃን ጠየቅኋቸው። ዝናብ እየዘነበ ነበር። “ሲሚንቶውን ተወውና ጃንጥላህን ይዘህ ውጣ” አሉኝ።

ውጭ ቆመን አየን። አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ውሃውን በቀጥታ ግድግዳው ሥር ይደፋል። “አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው” አሉኝ። ጣሪያችን 60 ካሬ ሜትር ያህላል፤ ግማሹ ወደዚያ በኩል ያዘነብላል። እንግዲህ 20 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቀን 600 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 30 ጄሪካን ውሃ በእናቴ ራስጌ በኩል ይፈስ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ነበር። ለዓመታት የተደፋው አመድና የአበባው መደብ አፈር ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ተቆልሎ ጭቃውን ነክቷል። ግቢውም ወደ ቤቱ ያዘቀዝቃል። ከሁሉ የባሰው ግን እኛ “መፍትሔ” ያልነው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የግድግዳውን ታች በሲሚንቶ ለስነነው ነበር። ጭቃ እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ሲለብስ ግን መተንፈሻ ያጣል፤ ውሃው ውስጥ ይቀርና ወደ ላይ ይወጣል። ሽማግሌው ልስኑን በጣታቸው ቆረቆሩት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሲያነሡት የቋሚው እግር እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። እኔ ከላይ ቀለም ስቀባ ቤቱ ከሥር ይበሰብስ ነበር።

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ላብ ግን ጠየቀ። አሸንዳውን በአንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያልን መልሰን ሰቀልነው። የመሠረቱ ድንጋይ እስኪታይ አፈሩን ዛቅን። ከግድግዳው ሥር ጀምሮ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ መሬቱን በውሃ ልክ አስተካከልን። ሲሚንቶውን ፍቀን፣ የበሰበሰውን እንጨት ቀይረን፣ በጭድ ጭቃ መረግን። ከዚያ እኔ ብቻዬን ቦይ ቆፍሬ ውሃውን በአጥሩ ሥር አሳለፍኩት።

በማግስቱ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። በባትሪ ወጥቼ አየሁ፤ ውሃው የግድግዳችንን ሥር አልነካውም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን እትዬ ከማድ ቤታቸው ውሃ ጠርገው ያስወጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና “እሰይ ልጄ፣ የእናትህ ክፍል ደረቀላት?” አሉኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃው የት እንደሚደርስ አላሰብኩም ነበር፤ ከእኛ መራቁን ብቻ ነበር ያየሁት።

ለስልክ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበረኝ። ቱቦ ገዛሁበት። ከእትዬ ልጅ ጋር ሁለት ቅዳሜ ቆፍረን የሁለቱንም ግቢ ውሃ አንድ ላይ እስከ መንገዱ ቦይ አደረስነው። አሁን ቅጠልና አፈር ሲዘጋው በተራ እንጠርጋለን።

ግድግዳው እስካሁን ቀለም አልተቀባም። ሽማግሌው “በጋው አልፎበት ይድረቅ፤ ከዚያ ኖራ ትቀባዋለህ” ብለውኛል። እናቴን ሐኪም ቤት ወስደናታል፤ ሳሏ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ ስለዚህ ቦይ መድኃኒት ነው አልላችሁም። አልጋዋን ግን ከግድግዳው አርቀናል፤ ጠዋት ጠዋትም መስኮቷን እከፍታለሁ። የጸሎት ተራ ሲደርሰን መጋረጃውን አልሰቀልኩም። “ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ ለጠየቀኝ ጓደኛዬም ወደ ውጭ ወስጄ ቦዩን አሳየሁት።

እናንተም ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ጠርዙ በደንብ የታሸገ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለሁለት ቀን ለጥፉ። ውሃው ከላስቲኩ በስተጀርባ ካዛ እርጥበቱ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ በፊት ለፊቱ ካዛ ግን ከክፍሉ አየር ነውና መስኮት ክፈቱ። ከግድግዳው ከሆነ ዝናቡ ሳያባራ ውጡና እዩ። መንገዱን ስታገኙትም ከደጃችሁ በማራቅ ብቻ አትርኩ፤ እስከሚያርፍበት ድረስ ተከተሉት።