ቤት የማይመታው ግጥም

ልጄ ባሕር ዳር በአስተማሪነት ከምታገኘው ደመወዝ ቆጥባ የግጥም መድበል አሳተመች፤ አምስት መቶ ቅጂ። አከፋፋይ ስለሌላት ከጓደኞቿ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ። ለምረቃው ምሽት እናቴን ይዤ ሄድኩ። ግጥሙ ቤት አይመታም፤ አንዳንዱ ስንኝ አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ።

«ጠፍቷት ነው?» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

የሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት»ም በ1963 ዓ.ም. ሲወጣ በአጻጻፉ ብዙ አከራክሯል አልኳት። እሱን ተወችና፣ «እኔም ሙሾ ሳወጣ ሳግ ሲይዘኝ ዝም እላለሁ» አለች።

እኔ እንኳ ዛሬም ቤት የሚመታውን እመርጣለሁ። እናቴ ግን ማንበብ ሳትችል ሁለት ገዛች፤ ያውም ሳትከራከር! ሦስት መቶው አሁንም አልጋ ሥር ነው፤ የማተሚያ ቤቱ ቀሪ ሂሳብም ጥቅምት ላይ ይከፈላል።