ቡና ይበላል እንዴ?

በግንቦት 1989 ዓ.ም. ኒውዮርክ ገበያ ላይ አንድ ፓውንድ ቡና፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ ከ3 ዶላር በላይ ተሸጠ። ይርጋጨፌ አጠገብ የሚኖሩት አጎቴ ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ። እኔም ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩና ክረምቱን ዕውቀቴን ተሸክሜ ከተፍ አልኩ።

ጓሮውን አየሁት። ከዋንዛው ጥላ ሥር ቡና፣ በቡናው መካከል እንሰት፣ ከእንሰቱ ግርጌ ጎመንና ቦዬ። ዝብርቅርቅ አለብኝ። «ጋሼ፣ እንሰቱን ነቅለው ሁሉንም ቡና ቢያደርጉት ገቢዎ እጥፍ ይሆናል» አልኳቸው።

እንሰት ሲፍቁ የነበሩት ሚስታቸው ቀና ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ቡና ይበላል እንዴ?» አሉኝ። ተማሪ መቼ መልስ ያጣል! ቡናው ተሸጦ እህል እንደሚገዛበት አስረዳኋቸው። በመጨረሻ ባልና ሚስት ጓሮውን ለሁለት ከፈሉት። የአጎቴ ግማሽ ተነቅሎ የቡና ችግኝ ተተከለበት፤ የእትዬ ግማሽ እንደነበረ ቀረ።

ችግኙ በ1994 ዓ.ም. በወጉ አፈራ። በዚያው ዓመት አንዱ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። አምራችና ገዢ አገሮች ዋጋውን ደግፈው የያዙበት የኮታ ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ቬትናም ደግሞ ምርቷን እያሳደገች ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆናለች። ይህን ስተነትንላቸው አጎቴ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ቬትናም ምን በድለናት ነው?» አሉ።

ያን ዓመት ቤተሰቡ የበላው የእትዬን ግማሽ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ የነቀልነውን እንተካ ብንል እንኳ አይደርስልንም ነበር። ታናሹ ልጃቸው ግን ትምህርቱን አቋረጠ። ደብተር በቆጮ አይገዛም። ይህን ዕዳ እስከ ዛሬ ከራሴ ላይ ማውረድ አልቻልኩም።

አገሪቱም ከዚያ ወዲህ ቡናን ብቻ ከመጠበቅ ልትወጣ ብላ አበባ ተከለች፣ ሸሚዝ ሰፋች። ደስ ብሎኝ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉን በ2014 ዓ.ም. ስታግድ ግን ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሰፉ የነበሩ ብዙ ልጃገረዶች ከሥራ ወጡ። የአጎቴ ግማሽ ጓሮ ትዝ አለኝ። ዕቃው ተለውጧል፤ ዕጣው ግን አሁንም ሩቅ ባለ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ቡና ከ4 ዶላር አለፈ። ያ ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ ደወለልኝ።

«የእማዬን ግማሽ ልነቅለው አስቤ ነበር፤ አንተ ምን ትላለህ?»

«ስልኩን ለእትዬ ስጣቸው» አልኩት።